የወደቀው ባሕር ዛፍና የመጋዙ ሁለት ጫፍ

ያን ቅዳሜ ጠዋት ሰንሻይን ዌስት ቤቴ ደጅ ላይ ወንበር አውጥቼ ሻይ ስጠጣ አንድ ሽታ መጣ። እርጥብ እንጨት በመጋዝ ሲሰነጠቅ የሚያወጣው ሽታ ነው፤ ትንሽ ሎሚ ሎሚ ይላል፣ የቤንዚን ጭስም ገብቶበታል። ላቨርተን ኖርዝ ፓሌት፣ ማለት ዕቃ የሚጫንበት የእንጨት ርብራብ፣ በሚሠራበት መጋዘን ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከእንጨት ጋር ነው የዋልኩት። የፓሌት እንጨት ግን ደርቆ የመጣ ስለሆነ አፍንጫን አይጠራም። ይኼኛው ጠራኝ። ስኒዬን መሬት አስቀምጬ፣ ነጠላ ጫማዬን እንኳ ሳልቀይር፣ ሽታውን ተከትዬ ተነሣሁ። በዚህ ዕድሜህ ምን አስቸኮለህ የሚለኝ ሰው ቢኖር፣ ማየት ፈለግሁ፣ ይኸው ነው።

ሽታው የሚመጣው ሦስት ቤት አልፎ ካለው ከእትዬ ብዙነሽ ጓሮ ነበር። እትዬ ብዙነሽ የወዳጄ የታደሰ ባለቤት ናቸው። ታደሰ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንት ነበር የቀረው። ቤቱን የገዙ ጊዜ በወተት ቆርቆሮ ውስጥ አንዲት ባሕር ዛፍ አምጥቶ ጓሮው ውስጥ ተከለ፤ ሰላሳ ዓመት ሙሉ አደገች፣ ጣሪያውን አልፋ ሄደች። እኛ አገር ባሕር ዛፍ ስንል ከባሕር ማዶ የመጣ ማለታችን ነው፤ ለካ ማዶው ይኼ የተሰደድንበት አገር ኖሯል። ታደሰ ከሥራ ሲመለስ ከሥሯ ወንበር ዘርግቶ ጫማውን ያወልቃል፤ ልጆቹም ከትምህርት ቤት ሲመጡ መጀመሪያ የሚሮጡት ወደዚያ ነበር። ከዚያ ቅዳሜ በፊት በነበረው ረቡዕ ያ የሚያቃጥለው የሰሜን ነፋስ ሲነሣ ከነሥሯ ተነቅላ፣ አጥሩን ደርምሳ ተጋደመች። ሐሙስ ዕለት ሄጄ አይቻታለሁ፤ ለቅሶ እንደምደርስ ሆኜ ነው የሄድኩት።

ቅዳሜ ግን ቅርንጫፎቿ ተመልምለው፣ ግንዷ ለሁለት ተቆርጦ፣ አጠገቧ መስፍን ቆሟል። መስፍን የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ከትሩጋኒና መጋዘኖች ጭኖ ይወጣል፣ ዕድሜው ሃምሳን አልፏል። እሱ ጴንጤ ነው፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ዓመቱን ሙሉ ትጾማላችሁ ይለኛል፣ እናንተ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ታለቅሳላችሁ እለዋለሁ፤ እንዋደዳለን። ትልቅ የሞተር መጋዝ ይዟል፤ መጋዙ ላይ የአልጋ ቁራጭ የመሰለ የብረት ማዕቀፍ ታስሮበታል። ከግንዱ ላይ ደግሞ አንድ የአሉሚኒየም መሰላል ተጋድሟል። መሰላል ቆሞ እንጂ እንጨት ላይ ተኝቶ አይቼ ስለማላውቅ፣ ከሰላምታም በፊት የጠየቅሁት ስለሱ ነው።

«ይኼ መሰላል ምን ሊሆን ነው?»

«ሐዲድ ነው ጋሼ ደምሴ» አለኝ። «ግንዱ ክብ ነው አይደል? ማዕቀፉ በመሰላሉ ላይ እየተንሸራተተ የመጀመሪያውን ፊት ቀጥ አድርጎ ይቆርጣል። ከዚያ በኋላ የተቆረጠው ፊት ራሱ ሐዲድ ይሆናል፣ መሰላሉን አንሥተን እንቀጥላለን። ግንዱን ጣውላ ላደርገው ነው።»

«ታውቅበታለህ?»

«ቪዲዮ አይቻለሁ።»

«ስንት ቪዲዮ?»

«ኧረ ተዉኝ፣ ሚስቴ ልትፈታኝ ምንም አልቀራት።»

እትዬ ብዙነሽ በኩሽናው በር ብቅ አሉ። «እሰይ፣ ጋሼ ደምሴ መጡልን! ይኼ ልጅ ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ ጸለየ፣ አንድ ጊዜ ቆረጠ» አሉ።

«እትዬ፣ አደገኛ መሣሪያ ስለሆነ ነው» አለ መስፍን።

«አልከፋኝም እኮ። ቁረጡ ግን።»

ነገሩን ያስረዱኝ ያኔ ነው። ልጃቸው ዳዊት ዛፍ የሚፈጭ መኪና ያለው ሰው ጠርቷል፤ ለሚቀጥለው ዓርብ ቡክ አድርጎታል። ሰውየው ከመጣ ግንዱን ከነቅርንጫፉ አድቅቆ ለአትክልት ሥር የሚበተን ብጥስጣሽ ያደርገዋል። እትዬ ብዙነሽ ደግሞ ከዚያች ዛፍ ገበታ ፈለጉ። ረዥም፣ ሰው የሚችል ገበታ። አራት ልጆች አሏቸው፤ ዳዊት እዚሁ ቅርብ ትሩጋኒና ነው፣ ሌሎቹ በአውሮፕላን በሚኬድባቸው ከተሞች፣ አንዷ ፐርዝ፣ አንዱ ብሪዝበን፣ አንዷ አደሌድ ናቸው። ከአባታቸው ቀብር ወዲህ አራቱም በአንድ ቀን ተገናኝተው አያውቁም። ለሙት ዓመቱ እንመጣለን ብለዋል። «ኩሽና ያለችው ጠረጴዛ አራት ሰው ናት የምትይዘው» አሉኝ። «ሲመጡ በተራ ይበላሉ፣ አንዱ በልቶ ስልኩን ይዞ ይሄዳል፣ ሌላው ይቀመጣል። እኔ ቆሜ አሳልፋለሁ። አንድ ጊዜ፣ አንድ ቀን፣ ሁሉም ከነልጆቻቸው በአባታቸው ዛፍ ዙሪያ አብረው ቢቀመጡልኝ ሌላ አልፈልግም።»

እኔ ወደ ግንዱ ጠጋ ብዬ ሰጋቱራውን በእጄ ዘገንኩ። እንደ በርበሬ የደቀቀ ነው፣ ትኩስ ነው፣ ተቃጥሏል። የቆረጠው ደግሞ አንድ ክንድ አይሞላም። መስፍን ግንዱን አፈር ላይ ሲጎትተው ቆይቶ ቅርፊቱን ሳይልጥ ነው የጀመረው፤ ሰንሰለቱ አሸዋ በልቶ ጥርሱ ደንዟል። «ሞረድ አለህ?» አልኩት። ከመኪናው አንድ ክብ ሞረድ አመጣልኝ። ማዕቀፉን ፈታን፣ መጋዙን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩና የመጀመሪያውን ጥርስ ስሞርድ፣ ያ ድምፅ፣ ሽርክት፣ ሽርክት የሚለው፣ ከዚህ ጓሮ አንሥቶ ወሰደኝ።

ከሻሸመኔ ወጣ ብሎ ጫካ ነበር። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ ዘመኑ ከመገለባበጡ በፊት ነው፣ እኔም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ሦስተኛ ክፍል ስደርስ ትምህርቱን ትቼ ሥራ ፍለጋ የወጣሁ፣ ካኪ ቁምጣ ለባሽ፣ ጎፈሬዬን በእንጨት ማበጠሪያ ወደ ላይ የማቆም ነበርኩ። ጋሼ ወልዴ የሚባሉ ሰው ጣውላ ሰንጣቂ ነበሩ፤ ረዥም፣ ቀጭን፣ ጥቂት የሚናገሩ። ሰው ጎድሏቸው እኔን ወሰዱኝ። የዝግባ ግንድ በእንጨት ርብራብ ላይ እናወጣለን፤ ገመድ በከሰል ውሃ ነክረን፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጥረን፣ መሐሉን ሳብ አድርገን ስንለቀው ጥቁር መስመር ያትማል። ከዚያ አንዱ ግንዱ ላይ ይቆማል፣ አንዱ ከሥር ይገባል፣ ረዥሙን መጋዝ ላይና ታች ይዘን እንስባለን። ጋሼ ወልዴ ከላይ፣ እኔ ከታች። ከታች ያለ ሰው ሰማይ የለውም፤ ሰጋቱራው ዓይንህ ውስጥ፣ አንገትህ ውስጥ፣ ምሳህ ውስጥ ይገባል። ጨርቅ በግንባሬ አስሬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምስበው። ሦስት ዓመት እንዲህ ሠራሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ነበር የምጠይቃቸው።

«ጋሼ፣ ከላይ ምን ይታያል?»

«መስመሩ።»

«ሌላስ?»

«መስመሩ ነው ያልኩህ። ሳብ።»

አንድ ቀን እንኳ ላይ አላወጡኝም። በልቤ አዝኜባቸዋለሁ። ከላይ ነፋስ አለ፣ ወፍ ያያሉ፣ መንገዱን የሚያልፈውን ሰው ያያሉ፣ ለኔ ግን ይነፍጉኛል እል ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ከተማ እንወርዳለን። አውቶቡስ የሚቆምበት ማዕዘን ላይ የስፌት መኪናውን በረንዳ ያወጣ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ከሱ አጠገብ ሰማያዊ በር ያለው ሻይ ቤት። ሻይ አሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ አምስት ሳንቲም። እዚህ አንድ ማኪያቶ ስንት እንደሆነ ሳስብ ያንን ፓስቲ ስንት መቶ እንደምበላ እገምታለሁ፣ ብቻዬን እስቃለሁ። ሻይ ቤቱ መደርደሪያ ላይ በዳንቴል የተሸፈነ ራዲዮ አለ፤ እኛ ስንደርስ ሁልጊዜ አንዲት ሴት የምትዘፍነው ዘፈን መሐሉ ላይ ይሆናል፣ መጀመሪያውን ሳልሰማ ቀረሁ። አንድ ጊዜ ከልብስ ሰፊው ክሬም ቀለም ያለው ሱሪ አሰፋሁ፣ ከታች ሰፋ ያለ፣ አፈር የሚጠርግ። ነጭ ሸራ ጫማዬን በጠመኔ አንጽቼ ከሱሪው ጋር ሳደርግ ጋሼ ወልዴ ከእግር እስከ ራስ አዩኝና፣ «ሰኞ ይኼን ለብሰህ ከታች ትገባለህ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ዘመኑም ተገለባበጠ፣ ጫካውም ተዘጋ፣ እኔም በሱዳን በኩል ወጣሁ። ጋሼ ወልዴ የት እንደደረሱ አላውቅም። ያስተማሩኝ አንድ ነገር ቢኖር መሞረድ ነው፤ ያ የታችኛው ሰው ሥራ ነበር። እሳቸው ሲያርፉ እኔ ጥርስ በጥርስ እሞርዳለሁ፣ አንዱን ከቀኝ አንዱን ከግራ፣ ለሁሉም እኩል ምት።

የሞተር መጋዝ ጥርስ ያነሰ ነው እንጂ ነገሩ ያው ነው። ሰንሰለቱን ሞርጄ ስጨርስ፣ ቅርፊቱን ልጠን፣ መስፍን እንደገና ሊጀምር ሲል ማዕቀፉ በወዲያኛው ጫፍ እጀታ እንዳለው አየሁ።

«ይኼስ?»

«የሁለተኛ ሰው መያዣ ነው ጋሼ። ሰው ስለሌለኝ ነው ብቻዬን የምለፋው።»

«እኔ ምን ልሁን?»

«አንቱ ሽማግሌ ነዎት፣ ቢይዝዎትስ?»

«ሞተሩ ያለው ባንተ በኩል ነው። እኔ የምይዘው ብረት ነው። ጫማና መነጽር ስጠኝ።»

የቆዳ ጫማ፣ መነጽር፣ የጆሮ መሸፈኛ ሰጠኝ። መስፍን ዓይኑን ጨፍኖ በአራተኛው ጸሎት አሳረገ፤ ይኼኛውን እኔም አሜን አልኩ። ሞተሩ ተነሣ። እንግዲህ ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ በዚህ ሥራ ላይና ታች የለም። እሱ በወዲህ፣ እኔ በወዲያ፣ ጎን ለጎን እኩል እየተራመድን ነው የምንገፋው። ሰጋቱራውም በሱ በኩል ይወጣል። ትንሽ እንደሄድን ተንበርክኬ ከኋላ በኩል ስንጥቁ ውስጥ የእንጨት ሽብልቅ መታሁ፤ ጣውላው ወርዶ መጋዙን እንዳይነክስ ነው። መስፍን ሞተሩን አብርዶ፣ «ይኼን ማን ነገርዎት? ቪዲዮው ላይ አለ እኮ!» አለኝ። እንጨት በቪዲዮ ይቀየራል እንዴ? ይነክሳል፣ ትሸበልቃለህ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከላይኛው ግንድ ሁለት ጣውላ አወጣን፤ እያንዳንዳቸው ሁለት አውራ ጣት ውፍረት፣ ሮዝማ ቡኒ፣ ውሃ የነካቸው ያህል የሚያብረቀርቁ። እትዬ ብዙነሽ በመዳፋቸው ዳሰሷቸውና ቤት ገብተው ምሳ አመጡልን። «ቶሎ ይደርቃል?» አሉ በኋላ። እኔም እንደማውቀው አደረግሁ። ዝግባውን ስንሰነጥቅ ጣውላውን አጥር ላይ አስደግፈን ለፀሐይ እናቆመዋለን፣ በሳምንቱ ነጋዴው ይጭነዋል። እዚህ ፀሐይ የሚመታው ወደ ሰሜን የዞረው ግድግዳ ነው። ሁለቱንም ጣውላ እዚያ አቆምኳቸው፣ የቀኑም ሙቀት አርባ ሊገባ ነው። «በሙት ዓመቱ ደርቆ እንጨት ሆኖ ይጠብቅዎታል» አልኳቸው። እንዲህ ብዬ ነው የተናገርኩት፤ አልረሳውም።

ማክሰኞ ከሰዓት እትዬ ብዙነሽ ደወሉልኝ። «ጋሼ ደምሴ፣ ጣውላው ይጮኻል» አሉ። ሄድኩ። እውነት ነው፣ ጧ፣ ጧ ይላል። ሁለቱም ጫፋቸው ተሰንጥቆ ጣት ያስገባል። አንደኛው እንደ ውሻ ጆሮ ተጠቅልሏል፤ ሌላው መሬት ላይ ባስተኛው አንድ ማዕዘኑ በአየር ላይ ቀረ። የባሕር ዛፍ ጣውላ በፀሐይ እንዲህ እንደሚሆን እኔ ከየት ልወቅ? ባሕር ዛፍ እኛ ለአጣና ነው የምንቆርጠው፣ ሰንጥቄው አላውቅም። ይህን ግን ለሳቸው መናገር አፈርኩ። ማታ መስፍን ከሥራ ሲመጣ አየውና ራሱን ያዘ።

«ቪዲዮው ላይ ነበር ጋሼ። ፀሐይ አታሳዩት ይላል። እኔ አንቱን አምኜ ነው የተውኩት።»

«አንተ ያየኸውን ለምን አልነገርከኝም?»

«ሞረዱን ሲይዙት እንደዚያ ሲያምርብዎት፣ ማን ደፍሮ?»

ስልኩን ተቀብዬው ቪዲዮውን ራሴ አየሁት፤ እንግሊዝኛዬ ለዚያ ያህል ይበቃል። የሰውየው ጢም ረዥም ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው፣ ወደድኩት። ጣውላው እንደተቆረጠ ጫፉን ቀለም ቀቡት፣ ጥላ ውስጥ አስተኙት፣ ከሥሩና በመሐሉ ቀጫጭን እንጨት እየረበረባችሁ አየር አሳልፉለት፣ ከላዩ ከባድ ነገር ጫኑበት፣ ከዚያ ጠብቁ ይላል። ስንት? ለእያንዳንዱ አውራ ጣት ውፍረት አንድ ዓመት ያህል። ሁለት አውራ ጣት፣ ሁለት ዓመት።

እትዬ ብዙነሽ ከኋላዬ ቆመው ነበር፤ «ምን አለ?» አሉ። ነገርኳቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«እኔ ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው» አሉ። «ስኳሬን ታውቃላችሁ፣ ልቤን ታውቃላችሁ። ሁለት ዓመት? ለሙት ዓመቱ ነው ያልኳችሁ። አሁን ካልተቀመጡበት ለማን ነው? እኔ ከሞትኩ በኋላ ቤቱ ሲሸጥ አብሮ ሊሸጥ?» ቀስ ብለው ነው የተናገሩት፣ ማንንም አልወቀሱም፣ ለኔ የከበደኝም ይኼ ነው። «ግዴለም፣ ተዉት። ያ ዛፍ ፈጪው ሰውዬ ዓርብ መጥቶ ይውሰደው።»

የቀረው የታችኛው ግንድ ብቻ ነበር፤ ወፍራሙ፣ ሦስት ሜትር የሚሆነው። ከሱ ሌላ ለገበታ የሚበቃ የለም። ረቡዕን ቤቴ ዋልኩ። ሻይ አፈላሁ፣ ቀዘቀዘ። እኔ ስቸኩል ነው ያበላሸሁት፤ ጋሼ ወልዴ ቢሆኑ ከእግር እስከ ራስ ይመለከቱኝ ነበር።

ረቡዕ ወደ ማታ ግን እትዬ ብዙነሽ ራሳቸው ቤቴ ድረስ መጡ፤ ከመጡ ደግሞ ቆመው ነው የሚያወሩት።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት ጋሼ ደምሴ። ጣውላ ሳይደርቅ አይበላበትም የሚል ሕግ አለ?»

«እንዴት?»

«እርጥቡን ለአንድ ቀን አውጥተን፣ ጥላ ውስጥ፣ ጨርቅ አልብሰን ብንበላበትስ? በነጋታው ይግባና ይድረቅ። አንድ ቀን ይገድለዋል?»

አሰብኩት። ሳቄ መጣ። «አይገድለውም» አልኩ። «ጋራዡ ውስጥ ከሆነ ምንም አይለውም።»

«ታዲያ ምን ይጎልታችኋል? ነገ ቁረጡልኝ።»

ሐሙስ መስፍን ፈረቃውን ከሌላ ሾፌር ጋር ተቀያይሮ መጣ። ሙቀቱ ሳይበረታ እንጀምር ብለን በጠዋት ተነሣን፤ ጎረቤት እንዳይከፋ ግን አንድ ሰዓት እስኪሆን ጠበቅን። መሰላሉን በብሎን አሰርን፣ እኔ በውሃ ልክ ከዚህም ከዚያም ለካሁት። ዳዊትም ከሥራ በፊት ብቅ አለ፤ አርባ ዓመት የሞላው ሰው ነው፣ ሸሚዙን ተኩሶ የለበሰ። «ማሚ፣ ዊ ካን ጀስት ባይ ኤ ቴብል» አላቸው። «ጠረጴዛ ግዛ የኔ ጌታ፣ ማን ከለከለህ» አሉት፣ እሱም ሳቀ፤ ነገር ግን አልሄደም፣ አጥሩ ላይ ተደግፎ ቆመ።

የመጀመሪያውን ፊት ቆርጠን ጣልን። መሰላሉን አነሣን። አሁን ገበታው ነው የሚወጣው። ግማሽ እንደሄድን ግን መጋዙ ድንገት ጮኸ፣ ብልጭታ ረጨ፣ መስፍን አጠፋው። ሽብልቁን መትተን ከፈት አድርገን ስናይ፣ እንጨቱ ውስጥ የብረት መንጠቆ አለ። ዛፏ ውጣዋለች፤ ዙሪያውን እንጨቱ ቀለም እንደፈሰሰበት ጠቁሯል። ዳዊት ጎንበስ ብሎ አየና በአማርኛ፣ «የዥዋዥዌው ነው» አለ። «አባዬ ዥዋዥዌ የሰቀለልን። ኤደን ወድቃ እጇ የተሰበረች ጊዜ ፈታው።» ኤደን ፐርዝ ያለችው እህቱ ናት። ወደ ሥራው ደውሎ እንደሚዘገይ ሲነግራቸው ሰማሁ።

ጥርሱ ሁሉ ተበልቷል። ሌላ ሰንሰለት የለንም። መስፍን አየኝ፣ እኔም ሞረዱን ተቀበልኩት። አንዱን ከቀኝ፣ አንዱን ከግራ። ረዥም ጊዜ ፈጀብኝ፣ ማንም አላስቸኮለኝም። መንጠቆውን ዳዊት በመዶሻና በመሮ ፈልፍሎ አወጣው፣ ሸሚዙም አለቀለት። እንደገና ስንጀምር መስፍን ክንዱ ዝሎ ስለነበር በሞተሩ በኩል ዳዊት ያዘ፣ መስፍን ከጎኑ ሆኖ መራው፤ እኔም ጫፌን ያዝኩ። ያን ጊዜ ምን እንዳየሁ ልንገራችሁ። ነፋሱን አላየሁም፣ ወፍ አላየሁም፣ በመንገድ የሚያልፍ ሰው አላየሁም። ዓይኔ ከዚያች ብረትና ከተቆረጠው ፊት ላይ አልተነሣም፤ ትንሽ ብዘነብል ገበታው አብሮኝ ይዘነብላል፣ ሌላ ግንድ ደግሞ የለም። ጋሼ ወልዴ አልዋሹኝም። ከላይ የሚታየው መስመሩ ብቻ ነው። እኔ ከታች ዓይኔን ጨፍኜ ሳርፍ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ ነበር የሚውሉት። ባገኛቸው ይህን እነግራቸው ነበር፤ እሳቸውም ሳብ ይሉኝ ነበር።

ጣውላው ወጣ። አንድ ሰው እጁን ቢዘረጋ ከጫፍ ጫፍ አይደርስም፤ መሐሉ ላይ መንጠቆው የነበረበት ጥቁር ምልክት አለ። ጫፎቹን ከጋራዥ ባገኘነው ነጭ ቀለም ወዲያው ቀባን፣ ጋራዡ ውስጥ ረብርበን አስተኛነው፣ የአትክልት ጡብ ጫንንበት። ዓርብ ሰውየው መኪናውን ይዞ መጥቶ ቅርንጫፉንና የተጠቀለሉትን ሁለት ጣውላዎች ፈጨ፤ እኔ አልወጣሁም ለማየት።

ለሙት ዓመቱ አራቱም መጡ። ቤተ ክርስቲያን ፍትሐት ተደርጎ ስንመለስ ጋራዡ ተጠርጓል፣ ጣውላው አናጢ ፈረስ በሚላቸው አራት የእንጨት መቆሚያዎች ላይ ወጥቷል፣ ፕላስቲክና ነጭ ጨርቅ ለብሷል። አሥራ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ተቀመጠ። እትዬ ብዙነሽን ዳር ላይ አስቀመጥናቸው፤ ሁለት ጊዜ ሊያሳልፉ ተነሡ፣ ሁለት ጊዜ ኤደን ትከሻቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው። ጨርቁን አንድ ልጅ ገለጥ አድርጎ ጥቁሩን ምልክት አሳየ፤ ከዚያ ዥዋዥዌው ተነሣ፣ የተሰበረው እጅ ተነሣ፣ ማን እንደገፋት ክርክር ተነሣ። በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተደባልቆ ሲጮኹ እኔ ግማሹን ነው የሰማሁት። ስልክ ያወጣ ሰው አላየሁም። እትዬ ብዙነሽ እህል እምብዛም አልቀመሱም፤ ከአንዱ ፊት ወደ አንዱ ፊት ነው ሲያዩ የዋሉት።

አመሻሹ ላይ ጣውላው ወደ ቦታው ይመለስ ተባለ። እርጥብ ባሕር ዛፍ ከባድ ነው፤ ስምንት ሰው ተጋገዘው፣ አራቱም ልጆች አንድ አንድ ማዕዘን ይዘው። ረብርበን፣ ጡቡን ጭነን ስንጨርስ ኤደን እጇን እያራገፈች ወደ እኔ መጣች።

«ጋሼ፣ አሁን ሁለት ዓመት ዝም ብሎ ነው የሚተኛው? ምንም አይደረግለትም?»

እውነቱን ለመናገር ምንም አይደረግለትም። ጢማሙ ሰውዬም ያለው ይኼንኑ ነው። እትዬ ብዙነሽን አየሁ፤ በሩ ላይ ቆመው ለመንገደኞቹ ምግብ በሳሕን ይቋጥራሉ። ሁለቱ የነገ ጠዋት አውሮፕላን አላቸው።

«መገልበጥ አለበት» አልኳት። «በየስድስት ወሩ። ካልተገለበጠ ይጠቀለላል። ደግሞ አይታችሁታል፣ በአንድ ሰው አይደለም የሚነሣው፤ ስምንት ሰው ይፈልጋል፣ አራታችሁም ማዕዘን ማዕዘናችሁን ካልያዛችሁ አይሆንም።»

ኤደን ወንድሞቿንና እህቷን ጠራች። እንግዲህ ያን ጊዜ ስልካቸውን አወጡ፣ ቀን እየቆጠሩ መነጋገር ጀመሩ፤ ኦገስት ይሻላል፣ የለም ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይሁን እያሉ። መስፍን አጠገቤ ቆሞ ነበር። ሁሉንም ቪዲዮ ያየ ሰው ነው፣ ውሸት ደግሞ በሱ ዘንድ ትልቅ ኃጢአት ነው። ዞር ብሎ ረዥም ጊዜ አየኝ።

ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «አሜን» አለ።